የግማሽ ቀን ሥራ ለወላጅ፦ የትኛው ያዋጣል፣ የትኛውስ ቃለ መጠይቅ ያስጨንቃል?

ሥራ ፍለጋ ላይ እያለሁ ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ገባ። «ነገ በ8:00 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ» ይላል። ልጄን ምሳ አብልቼ፣ ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ሸሚዜን ተኩሼ ለ8 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረስኩ። እንግዳ ተቀባይዋ በአዘኔታ አየችኝ። ለካ 8:00 ያሉት በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነበር። ስድስት ሰዓት ያህል አርፍጃለሁ!

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳስበው የሰዓቱ ስህተት ትንሹ ነገር ነበር። «ፓርት ታይም» የሚል ቃል ያየሁበት ቦታ ሁሉ ሲቪ እልክ ነበር። ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ፣ ከልጄ ሰዓት ጋር ይግጠም አይግጠም አልጠየቅሁም። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያንቀጠቅጠኝም አንዱ ምክንያት ይሄ ነበር። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ እገባለሁ፣ የጠየቁኝን ሁሉ «እችላለሁ» እላለሁ፣ ከዚያ «እሺ ብለው ቢቀጥሩኝስ?» ብዬ ደግሞ እፈራለሁ።

ስለዚህ እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ለወላጅ የሚገኙትን የትርፍ ሰዓትና የግማሽ ቀን ሥራዎች ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ። ባልትናና እንጀራ ሽያጭን አላካተትኩም። እሱ ንግድ ነው፣ ሌላ ስሌት ይፈልጋል።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ማስታወቂያ ከማየታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና የልጁን ሰዓት ጻፉ። የኔ ልጅ ትምህርት ቤት ጠዋት 2:30 ያስገባል፣ 9:30 ያስወጣል። ሲታይ ሰባት ሰዓት ነው። ግን እኔ የምኖረው ጀሞ ነው፤ ሥራው ሜክሲኮ አካባቢ ቢሆን የታክሲ ሰልፉ፣ መንገዱ፣ ዝናቡ አለ። ልጄን አድርሼ 3:30 እደርሳለሁ፤ በሰዓቱ ልቀበላት ደግሞ 8 ሰዓት ላይ መነሳት አለብኝ። የቀረኝ አራት ሰዓት ተኩል ነው። እውነተኛው ሰዓት ይሄ ነው፣ ቃለ መጠይቅ ላይም ይዤው የምገባው ይሄንኑ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ልጅ ሲታመም ምን ይሆናል የሚለው ነው። ትኩሳት ቀጠሮ አይዝም። ሥራው ወደ ነገ ይገፋል ወይስ ወንበሩ ላይ የግድ ሰው መቀመጥ አለበት?

ሦስተኛው ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ቢሮ ግን ክፍት ነው። ብዙዎቻችን ሥራ የምንይዘው መስከረም ላይ ስለሆነ ይሄን የምናስታውሰው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው።

አራተኛው እጅ ላይ የሚቀረው ብር ነው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን እርሱት። እሱም ከተጻፈ ነው፤ አብዛኛው «ደመወዝ፦ በስምምነት» ነው የሚለው። አምስተኛው መግቢያው ነው። ፈተና አለ? ስንት ሰው ፊት ትቀርባላችሁ? ተያዥ ይጠይቃሉ?

አንድ ስሌት እንሥራ

ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው ያስገባኋቸው፤ በራሳችሁ ቀይሯቸው።

የግማሽ ቀን ሥራ በወር 6,000 ብር ይክፈል እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ ይቆረጥበታል፣ የመጨረሻው 2,000 ብር ደግሞ 20 በመቶ። ግብሩ 700 ብር ሆነ። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 420 ብር። እጅ የሚገባው 4,880 ብር ነው። ለታክሲ በቀን 60 ብር፣ በ22 ቀን 1,320 ብር። አልፎ አልፎ ሲመሽባችሁ ልጅ ለሚቀበልና ለሚያቆይ ሰው 2,000 ብር። ቀሪው 1,560 ብር ነው። ለዚህ ብር የሰጣችሁት በቀን አራት ሰዓት ሥራና ሁለት ሰዓት መንገድ፣ በወር 132 ሰዓት ነው። በሰዓት 12 ብር እንኳን አይሞላም።

አሁን ደግሞ ሰፈራችሁ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾችን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል አስጠናችሁ እንበል። ክፍያው በወር 3,500 ብር ይሁን። በእግር ትሄዳላችሁ፣ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት። በአራት ሳምንት ከነመንገዱ 24 ሰዓት ነው። በሰዓት ወደ 146 ብር መጣ።

ይሄን ስሌት ለባለቤቴ ሳሳየው «ታዲያ ቢሮ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው፣ መልሱ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። በቢሮ ሥራው ጡረታ አለ፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል። የሥራ ልምድ ወረቀት አለ። ነገ ልጁ ሲያድግ ሙሉ ቀን ለመመለስ ያ ወረቀት ያስፈልጋል። 12 ብሩን የምትቀበሉት ለወረቀቱ ብላችሁ ከሆነ አውቃችሁ ተቀበሉት።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*የግማሽ ቀን ቅጥር።* ክሊኒክ ካርድ ክፍል፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሱቅ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት መምህርነት። እውነቱን ለመናገር ብዙ አይገኝም። አሠሪዎቻችን «ግማሽ ቀን» ሲባል ግማሽ ልብ ይመስላቸዋል። ካገኛችሁ ግን ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ደመወዙም ወር ጠብቆ ይገባል። ከነዚህ ሁሉ ለወላጅ የሚበልጠው ልጁ በሚማርበት ትምህርት ቤት መቀጠር ነው። መንገዱ አንድ ነው፣ ክረምቱም አብሮ ይዘጋል፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ለሠራተኛ ልጅ ክፍያ ይቀንሳል። ስትጠይቁ ግን ክረምት ላይ ደመወዝ ይቀጥል እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ። ገንዘብ የሚነካ ቦታ ከሆነ ደግሞ ተያዥ ይፈለጋል። ተያዥ የሚሆን ሰው እስኪገኝ ሥራው ሊያመልጥ ስለሚችል ዘመድ ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ውል ላይ ሁለት ነገር እዩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። ለግማሽ ቀን ሠራተኛ ይሄ ወረቀት ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። «እስከ 7 ሰዓት ነው» ተብሎ በቃል የተጀመረ ሥራ ሁለት ወር ሳይሞላው 10 ሰዓት ሲደርስ አይቻለሁና።

*ፓርት ታይም ሒሳብ።* አካውንቲንግ ለተማረ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ይመስለኛል። እኔም የያዝኩት እሱን ስለሆነ ትንሽ አዳላለሁ። ሙሉ ቀን አካውንታንት መቅጠር የማይችሉ ትንንሽ ድርጅቶች ሞልተዋል፦ ፋርማሲ፣ ሬስቶራንት፣ አስመጪ። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ትሄዳላችሁ፣ ደረሰኝ በፌስታል ይሰጣችኋል፣ ቤት ወስዳችሁ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ትመዘግባላችሁ። የደመወዝ ግብር፣ ጡረታና ቫት በየወሩ ታሳውቃላችሁ። ልጅ ቢታመም ሥራው ማታ ይሠራል። ሁለት ሦስት ድርጅት ከያዛችሁ ገቢው ከግማሽ ቀን ቅጥር ሊበልጥ ይችላል።

አደጋው ኃላፊነቱ ነው። ባለቤቱ ደረሰኙን አዘግይቶ አምጥቶ ቅጣት ሲመጣ የሚደወለው ለእናንተ ነው። ስለዚህ ሰነድ በየወሩ እስከ ስንተኛው ቀን እንደሚደርሳችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። እኔ ይሄን ሳልጽፍ ጀምሬ አንድ የቅጣት ወረቀት ላይ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረናል፤ «ተነጋግረናል» ያልኩት በጨዋነት ነው።

*ማስጠናት።* ስሌቱ ላይ አሸንፏል። ግን የሚሠራው መቼ ነው? ከ10:30 እስከ 1 ሰዓት፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ። የእናንተም ልጅ ያን ጊዜ ነው የሚመለሰው። ስድስት ወር ሠርቼዋለሁ፤ እኔ የሰው ልጅ የቤት ሥራ ሳሠራ የኔዋ ቴሌቪዥን ታያለች። ማታ የሚያግዝ ሰው ካለ፣ ወይም ልጃችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ አብራ የምትማርበት ቤት ካገኛችሁ ግሩም ነው። በኤጀንሲ ከሄዳችሁ ኮሚሽኑ ከመጀመሪያው ወር ብቻ ነው ወይስ በየወሩ ይቆረጣል? ይሄን ሳታጣሩ አትፈርሙ። ክረምትም ይቀዘቅዛል።

*ፈረቃ።* ጥሪ ማዕከል፣ ሆቴል፣ ፋርማሲ፣ ሱፐርማርኬት ካሸር። ፈረቃ ግማሽ ቀን አይደለም። ብዙ ጊዜ ስምንት ሰዓት ሙሉ ነው፣ ሰዓቱ ነው የሚዟዟረው። ባልና ሚስት እየተቀያየሩ ልጅ ለሚይዙበት ቤት ይሠራል። ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ግን ሳምንቱ በየጊዜው ሲገለባበጥ ሞግዚት እንኳን ማግኘት አይቻልም። መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ የማታ ሰርቪስ አለ ወይ?

*ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት።* ትርጉም፣ የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ የሱቆችን ገጽ ማስተዳደር። ታክሲ የለም፣ ተያዥ የለም፣ ልጅ ቢታመም አጠገቡ ናችሁ። መብራት ይጠፋል ግን፣ ኔትወርክም እንደዚያው። ደንበኛው አሜሪካ ከሆነ ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ጠዋት ሲሆን እኛ ጋ 10 እና 11 ሰዓት ነው፤ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመጣበት ሰዓት ማለት ነው። ክፍያው በምን መንገድ እጃችሁ እንደሚገባ ሥራውን ሳትጀምሩ አረጋግጡ። ቴሌግራም ላይ «ቪዲዮ ላይክ አድርገው በቀን ይህን ያህል ያግኙ» የሚለውን እለፉት። የመመዝገቢያ፣ የሥልጠና ወይም የማስያዣ ብር የሚጠይቅ ቀጣሪ ሥራ አይሰጥም፣ ብር ነው የሚሰበስበው። «ለሙከራ» ብሎ ሃያ ገጽ በነፃ የሚያስተረጉምም አለ፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል።

| አማራጭ | ከልጅ ሰዓት ጋር | ልጅ ሲታመም | ክረምት ላይ | ገቢው | መግቢያው |
|---|---|---|---|---|---|
| የግማሽ ቀን ቅጥር | ጥሩ፣ ቅርብ ከሆነ | አስቸጋሪ | ልጅ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል (ትምህርት ቤት ካልሆነ) | የታወቀ፣ ወጪው ግን ይበላዋል | የጽሑፍ ፈተና፣ ፓነል፣ አንዳንዴ ተያዥ |
| ፓርት ታይም ሒሳብ | በጣም ጥሩ | ማታ ይሠራል | ሥራ ይበዛል | ደንበኛ ሲጨምር ያድጋል | ከባለቤቱ ጋር ወሬ |
| ማስጠናት | ይጋጫል | ይቀየራል | ይቀዘቅዛል | በሰዓት ከፍተኛ | ከወላጆች ጋር፣ የሙከራ ክፍለ ጊዜ |
| ፈረቃ | ይዟዟራል | በጣም አስቸጋሪ | ሁለት ሰው ለሚያሳድግ ብቻ | ሙሉ ደመወዝ | ፈተና፣ ፓነል፣ ለካሸር ተያዥ |
| በኢንተርኔት | እንደ ደንበኛው | ቀላል | ቀላል | ወጣ ገባ ይላል | የናሙና ሥራ፣ አንዳንዴ ቪዲዮ |

ስለ መንቀጥቀጡ

ሠንጠረዡ ላይ የመጨረሻውን ዓምድ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። ሥራ ሲመረጥ መግቢያውም ይመረጣል። ፓነል ፊት አፉ የሚደርቅበት ሰው የናሙና ሥራ ሲሰጡት ድንቅ ሊሆን ይችላል። ፈተና የሚያስጠላው ሰው ደግሞ ማኪያቶ ይዞ ከባለቤቱ ጋር ሲያወራ ይዋጣለታል።

ከሁሉም የሚከብደው ፓነሉ ነው። ሦስት አራት ሰው በአንድ በኩል፣ እናንተ በሌላ በኩል። ከዓመታት የቤት ቆይታ በኋላ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ለረጅም ጊዜ ያወራችሁት ከልጅ ጋር ነው። የመጀመሪያው ቀን «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ ስሜን ከነአያቴ ተናግሬ ዝም አልኩ። ያቺን ጥያቄ የማይጠይቅ ፓነል የለም። ስለዚህ መልሷን ብቻ አዘጋጁ፦ ምን ተማርኩ፣ የት ሠራሁ፣ ምን እችላለሁ፣ ለምን ይሄን ሥራ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ስልካችሁ ላይ ቅዱትና ስሙት። የራስን ድምፅ መስማት ያሳፍራል፣ ግን ሦስተኛው ላይ ይለመዳል። የመጀመሪያው ደቂቃ ካለፈ የሚቀጥለው ይቀላል።

እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወረቀት አትያዙ፤ ወረቀት መንቀጥቀጥን ያጎላል። ማህደሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ጥያቄው ካልገባችሁ «ይቅርታ፣ ቢደግሙልኝ» ማለት ነውር አይደለም፣ ለማሰብም ጊዜ ይሰጣል። በአማርኛ ሲያወሩ ቆይተው ድንገት ወደ እንግሊዝኛ የሚዞሩ አሉ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ መልሱና «ዝርዝሩን በአማርኛ ላስረዳ?» በሉ። እኔ ሁለት ቦታ ጠይቄ ሁለቱም «ይቻላል» ብለውኛል።

ከዚያ ወላጅን የሚጠብቁት ጥያቄዎች ይመጣሉ።

«ላለፉት ሦስት ዓመታት ምን ስትሠሪ ነበር?» መልሱ «ምንም» አይደለም። «ልጅ አሳድግ ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ በዚህ መሀል ይሄን ተምሬያለሁ፣ ወይም ይሄን አነስተኛ ሥራ ሠርቻለሁ።» አጭር ይሁን። ይቅርታ የመጠየቅ ድምፅ አይኑረው።

«ልጅ ቢታመምስ?» ይሄ ጥያቄ ያናድዳል፤ ለአባቶች ሲቀርብ ሰምቼ አላውቅም። ግን ተናዶ መመለስ አይጠቅምም። «አይታመምም» ማለትም አያሳምንም። ልጁን የሚይዝ ሰው ጥቀሱ፦ «እናቴ ቅርብ ናት»፣ «ከባለቤቴ ጋር በየተራ ነው»። እንደዚያ የሚባል ሰው ከሌለ ደግሞ፣ ሥራው ያን ሰው የግድ የሚፈልግ እንደሆነ እዚያው ልታውቁት ይገባል።

«ስንት ትጠብቂያለሽ?» ስሌቱን ቤት ሠርታችኋል፣ እጅ ላይ ስንት መቅረት እንዳለበት ታውቃላችሁ። ያንን ወደ ላይ መልሳችሁ አስሉና ቁጥር ጥቀሱ። «እንደ ድርጅቱ ስኬል» ካላችሁ ስኬሉ ዝቅ ካለው ጫፍ ይጀምራል።

ሰዓታችሁን ደግሞ እናንተ ቀድማችሁ አንሱት። «ከ3:30 እስከ 8 ሰዓት መሥራት እችላለሁ» በሉ። እኔ ይሄን ማለት ከጀመርኩ በኋላ ሁለት ቦታ «አይሆንም» ተብዬ ወጥቻለሁ። የሚገርመው ግን መንቀጥቀጡ ቀነሰ። የምደብቀው ነገር አልነበረኝማ።

በስልክ ከሆነ ልጁ የሚተኛበትን ሰዓት ጠይቃችሁ አስይዙ፤ ቆማችሁ አውሩ፣ ድምፅ ይከፈታል። የጽሑፍ ፈተና ካለ እስክሪብቶና ካልኩሌተር የራሳችሁን ያዙ። ቀጠሮውን ደግሞ መልሳችሁ ደውላችሁ «ከጠዋቱ ነው ከሰዓት?» በሉ። ምክንያቱን መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ።

ለማን የትኛው?

ቤት ውስጥ ሌላ ገቢ ካለና የምትፈልጉት ወደ ሥራ ዓለም መመለስ ከሆነ፣ ደመወዙ ቢያንስም የግማሽ ቀን ቅጥሩን እመርጣለሁ፤ የልጁ ትምህርት ቤት ከሆነማ አላመነታም። ብሩ ዛሬ የሚያስፈልግ ከሆነና ማታ የሚያግዝ ሰው ካለ ማስጠናት ነው፤ ጎረቤት በመጠየቅ ይጀመራል፣ መነሻ ብር አይጠይቅም። ልጅ ገና ጡት የሚጠባ ከሆነ የኢንተርኔቱን፣ ያውም አንድ ደንበኛ ብቻ ይዞ። ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ ፈረቃን ይተወው። ተያዥ የሌለው ከካሸርነት ይራቅ፣ ጊዜውን ይቆጥባል። ሲቪ ለመላክ ገንዘብ አታውጡ፤ ደላላ ቅድሚያ ብር ካለ ሌላ ፈልጉ።

ሒሳብ ለተማራችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። መዝገብ የሚይዙ ድርጅቶች ዓመታዊ ግብራቸውን የሚያሳውቁት ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ሥራው የሚበዛው ልጆቹ ቤት በዋሉበት በክረምቱ ማለት ነው። እኔ ዘንድሮ እህቴን ከግንቦት ጀምሬ ለምኛት ሐምሌን ሙሉ ልትመጣልኝ ተስማምታለች። ነሐሴን ገና እየተደራደርን ነው።